የሃምሳ አለቃ ደምሴ ተራ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ጋምቤላ ላይ፣ ያውም በመጋቢት ሙቀት፣ ጋቢ! ትከሻዬ ላይ ጣል ሲያደርጉልኝ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ፈገግ ብዬ ፎቶ ተነሣሁ። ኃላፊው ንግግር አደረጉ። አቶ ጌታሁን በአምቡላንስ ሾፌርነት ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ነበሩ፣ እንዲያ ነበሩ፣ ጭቃ አላገዳቸው፣ ወንዝ አልመለሳቸው እያሉ ሲቀጥሉ፣ ዓይኔ ፊት ወንበር ላይ ከተቀመጡት ሽማግሌ አልነሣ አለ። ሃምሳ አለቃ ደምሴ ናቸው፤ መንዳት ያስተማሩኝ ሰው። ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው በሚንቀጠቀጡ እጆቻቸው ያጨበጭቡልኛል። «ወንዝ አልመለሳቸው» የሚለውን ሲሰሙ ቀና ብለው አዩኝና ጠቀሱኝ። ወንዝ እንዴት አድርጎ እንደመለሰኝ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

አሁን እሳቸው የሉም። ልጆቼ «አባዬ፣ የሥራ ዘመንህን ጻፈው እንጂ፤ ጨዋታህ ሁሉ ይጠፋል» እያሉ ስለወተወቱኝ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ አውጥቼ ተቀምጫለሁ። ስለ ራሴ ልጽፍ ስጀምር ነገሩ ሁሉ ወደ እሳቸው ይሄድብኛል። ወደ እሳቸው ሲሄድ ደግሞ አፍራለሁ። ያሳፈረኝ ነገር የልጅነት ስሕተት ቢሆን ኖሮ በልጅነት አመካኝ ነበር። ሸምግያለሁ፣ በስያለሁ ባልኩበት ዕድሜ፣ ያ ጋቢ ከተደረበልኝ በኋላ የሠራሁት ነው። ለማንኛውም ከመነሻው ልጀምር።

ወላጆቼ በሰፈራ መጥተው እዚሁ ክልል፣ አቦቦ ላይ በቆሎና ማሽላ ያረሱ ሰዎች ናቸው። እኔ እዚያው አደግኩ፤ አኙዋክኛውንም ከልጆች ጋር ስዋኝ ለቀምኩት። መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ጋምቤላ ከተማ ረዳት ሾፌር ሆኜ ስቀጠር፣ ጸጉሬን በየመስታወቱ የማበጥር፣ ጫማዬን በየደረስኩበት የማስጠርግ ጎረምሳ ነበርኩ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፤ የውሎ አበሉም ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። ግን የአምቡላንስ ሾፌር መባል ትልቅ ነገር ነበር።

ያስረከቡኝ ለሃምሳ አለቃ ደምሴ ነው። አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ግራ እግራቸውን ትንሽ የሚጎትቱ ሰው ነበሩ። ባታቸው ውስጥ ከጦርነት የቀረ ፍንጣሪ ነበር። በውትድርና ዘመናቸው ኡራል የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ሠራዊቱ ሲበተን በእግራቸው አገራቸው ገቡ። የባለቤታቸው ወንድም እዚህ መምህር ስለነበር ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጋምቤላ መጡ። ስለ ጦርነቱ አያወሩም። ሌሎቹ ሾፌሮች ሲጎተጉቷቸው «እኔ ነዳሁ፣ ሌላው ተዋጋ» ብለው ነገሩን ይዘጉታል።

የመጀመሪያውን ክረምት ሙሉ መሪ አላስነኩኝም። «መሪ ማዞርማ ማንም ያዞራል» አሉኝ። ከመነሣታችን በፊት መኪናውን ከግራ ጀምረው ይዞሩታል፤ እያንዳንዱን ጎማ በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፤ ኮፈኑን ከፍተው ዘይቱን፣ ውሃውን፣ ቬንቲላተሩን የሚያዞረውን ቺንጋ ያያሉ፤ ከዚያ አማትበው ይገባሉ። ጥቁሩ መረሬ አፈር ዝናብ ከጠጣ ከጎማው ንፋስ ይቀንሳሉ፤ ጎማው ጠፍጠፍ ሲል ጭቃውን ቆንጠጥ አድርጎ ይይዘዋል። በሽተኛ ከጫኑ ሆስፒታል እስኪያደርሱ እህል አይቀምሱም። እኔንም አያስቀምሱኝም።

ከሁሉም በላይ ግን ውሃ ነበር። የሞላ ጅረት ፊት ስንደርስ ሞተሩን ያጠፋሉ፣ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ሱሪያቸውን ይጠቀልላሉ፣ ዱላ ይዘው ይገባሉ። በዚያ በተጎዳ እግራቸው ከዳር እስከ ዳር እየዳሰሱ ሄደው ይመለሳሉ። ውሃው ከፍ ያለ ከሆነ ቬንቲላተሩ እያነሣ ሞተሩ ላይ እንዳይረጨው ቺንጋውን ያወልቁታል። ከዚያ በአንደኛ ማርሽ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሳይቆሙ ይሻገራሉ። «መኪናው ከመግባቱ በፊት ሰው ይግባ» ይሉኛል ሁልጊዜ።

አንድ ቀን ሰለቸኝና «ጋሼ፣ ይኸው የመኪና ዱካ አለ እኮ፤ ትናንት ሰው አልፎበታል» አልኳቸው።

ስለ ጦርነቱ ያወሩኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እኛም እንደዚያ ነበር የምንለው» አሉ ሱሪያቸውን እየጠቀለሉ። «ትናንት ያለፍንበት ነው እንል ነበር። ፈንጂውን የቀበሩት ግን እዚያው ዱካው ላይ ነው። ከፊቴ ይነዳ የነበረው ጓደኛዬ ነው።»

ከዚያ ወደ ውሃው ገቡ። እኔም አፍሬ ተከተልኳቸው።

ሃይማኖተኛ ነበሩ፤ ግን ሰው ላይ የሚጭኑት ሃይማኖት አልነበረም። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ እኔ አጠገባቸው ብስኩት ስቆረጥም አንቆኝ እንደሆነ ውሃ የሚያቀብሉኝ እሳቸው ናቸው። የጫንነው ሰው አኙዋክ ይሁን ኑዌር፣ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ ሆስፒታል በር ላይ ካስረከቡ በኋላ ግንባራቸውን መሪው ላይ አድርገው ትንሽ ይጸልያሉ። ቤታቸው ደግሞ ሌላ ነው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ አራስ በሆኑ ጊዜ የሴቶች ልጆቻቸውን ጸጉር የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ። ማርታ የምትባለውን ልጃቸውን ጉልበታቸው ሥር አስቀምጠው በረንዳ ላይ ሹሩባ ሲሠሯት ሾፌሮቹ ደረሱባቸውና ሰፈሩ በሳቅ ተናጋ።

«ሃምሳ አለቃ! ወታደር ሹሩባ ይሠራል እንዴ?»

«የኡራል ካምቢዮ የፈታ እጅ ይኼ ያቅተዋል?» አሉ፣ ማበጠሪያውን በጥርሳቸው እንደነከሱ። ማርታ ደግሞ «አባዬ፣ ዝም በላቸው፤ ያቺ ጠመመች» ትላቸዋለች። ከመስክ ስንመለስ ለልጆቻቸው ማንጎ ሳይዙ ቤታቸው ገብተው አያውቁም።

እንግዲህ ወደ ወንዙ ልምጣ።

በሁለተኛው ክረምት ብቻዬን መውጣት ጀምሬ ነበር። እኛ ጋ ሾፌር የሚወጣው በተራ ነው፤ ጥሪ ሲመጣ ተረኛው ቁልፉን ይዞ ይሄዳል። ያን ዕለት ተራው የእኔ ነበር። ከአቦቦ ወደ ውስጥ የሚገባ መንደር ውስጥ ምጥ የጸናባት ሴት አለች ተባለና ኦጁሉ ከሚባል አኙዋክ ነርስ ጋር ወጣን። ሴትዮዋን፣ አሪየት ትባላለች፣ ከባሏ ጋር ጭነን ስንመለስ፣ ጠዋት ውሃው ቁርጭምጭሚት እንኳ ሳይደርስ የተሻገርነው ጅረት ሞልቶ ጠበቀን። ጠዋት እኔው ራሴ ያለፍኩበት ዱካ ወደ ውሃው ሲገባ ይታየኛል።

እግሬ ላይ አዲስ ጫማ ነበር። ቡናማ፣ የቆዳ፣ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት። ይኼን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ኦጁሉ «አትወርድም?» አለኝ።

«ጠዋት ያለፍኩበት እኮ ነው» ብዬ ገባሁ።

ጎርፉ ዱካውን ከሥሩ ሰርስሮት ኖሯል። የፊት ቀኝ ጎማ ድንገት ወረደ፤ ቬንቲላተሩ ውሃውን አንሥቶ ሞተሩ ላይ ደፋው፤ ሞተሩ አንዴ ተንተፋተፈና ጠፋ። ኦጁሉ ዘሎ ወርዶ ወደ መንደሩ ተጣራ። ወንዶች መጡና አሪየትን በቃሬዛ አሻገሯት፤ ማዶ ዛፍ ሥር ወለደች። ኦጁሉ የሚችለውን ሁሉ አደረገ። እሷ ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም።

ባሏ ወደ እኔ መጣ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመታኝ ደስ ባለኝ። አልመታኝም።

«ሾፌር» አለኝ በዚያች በሚያውቃት አማርኛ፣ «አንተ ለምን አልወረድክ? ያ ሽማግሌ ሾፌር ሁልጊዜ ይወርዳል።»

ያ አዲስ ጫማ ውሃ ሞልቶት በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ይንቦጫረቃል።

ወሬው ሲደርሳቸው ሃምሳ አለቃ ከአቦቦ ሰፋሪዎች ትራክተር ለምነው ደረሱ። እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ ከዱካው ትንሽ ወደ ግራ ዱላቸው ጠንካራ ድንጋይ መታ። ወርጄ ቢሆን ኖሮ የማገኘው ቦታ ነበር። እሳቸው አወቁ፣ እኔም ማወቃቸውን አየሁ። መኪናው እስኪወጣ እንኳ ሳይጠብቁ አሪየት ወዳለችበት ሄደው መሬት ላይ ተንበረከኩና በተሰባበረ አኙዋክኛ ይቅርታ ለመኗት፤ ጥፋቱ የእሳቸው እንደሆነ ሁሉ።

በማግስቱ ኃላፊያችን፣ ያን ጊዜ የነበሩት ቁጡው ሰውዬ፣ ከመሪ ላይ ተነሥቼ ጥበቃ እንድሆን ወሰኑ። እኔም ተስማምቼ ነበር። መኪናውን ማየት እንኳ አልፈለግኩም። ሃምሳ አለቃ ቢሮው ድረስ ገቡና ቆመው ተናገሩ።

«ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔም ነው። ቅጡት፣ ይገባዋል። ተራውን ግን አትውሰዱበት። ተራውን የወሰዳችሁበት ቀን ሰውዬው ያልቃል።»

እንዴት አድርገው እንዳሳመኗቸው ዛሬም አላውቅም። ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሊወድቅ ሆነ። ጣቶቼን አንድ በአንድ እሳቸው አጠፉልኝና «ተራህ ነው» አሉኝ። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጠው በዚያው መንገድ ወደ አሪየት ቤት ለሐዘን ሄድን። ጅረቱ ጋ ስንደርስ እኔ ወረድኩ፤ እሳቸው ከመኪናው አልተንቀሳቀሱም።

ከዚያ ወዲህ ሳልወርድ የገባሁበት ውሃ የለም። ኋላ ኩሌ መጠለያ ጣቢያ ተመድቤ ስደተኛ በሽተኞችን ወደ ከተማ ሳመላልስ ብዙ አለቃ አለፈብኝ፤ አንዱ አስተባባሪ እግሬን ጎርፍ ውስጥ ባዩ ቁጥር «ጌታሁን፣ ዓሣ ልታጠምድልን ነው?» ይሉኝ ነበር። ይሳቁ። አሪየትም ኋላ ልጆች ወለደች፤ አንዷን በእኔው መኪና አድርሻታለሁ። አሁን ጋምቤላ ገበያ ማንጎ ትሸጣለች። ስታየኝ በስሜ ትጠራኛለች፤ እኔ ግን ዓይኔ ቶሎ ወደ እግሬ ይወርዳል።

ይኼ ሁሉ የሚታወቅ ነው፤ ለልጆቼም ነግሬያቸዋለሁ። ያልነገርኳቸው የሚቀጥለውን ነው።

ሃምሳ አለቃ ከእኔ ቀድመው ጡረታ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ እትዬ አስካለን ግማሽ ጎናቸውን ያዛቸውና አልጋ ላይ ዋሉ። ልጆቹ በየአገሩ ተበትነዋል፤ ማርታ ብቻ ቀርታ ታስተምራለች። እሷ ትምህርት ቤት ስትውል የሚያጎርሷቸው፣ የሚያገላብጧቸው፣ ልብሳቸውን የሚያጥቡት ሃምሳ አለቃ ነበሩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማንኪያው ከአፍ ሳይደርስ ይፈስ ስለነበር በሁለት እጅ መያዝ ለመዱ።

የማይቀሩበት ነገር የሚካኤል ማኅበራችን ነበር። በየወሩ በአሥራ ሁለት በአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ አባ ይባርኩናል። መጨረሻ ላይ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። ተረኛው ተነሥቶ በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ማኅበርተኛው እየዘመረ እስከ ቤቱ ያጅበዋል። እቤቱም ደጁ ተጠርጎ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ የቤቱ እመቤት በር ላይ ሆና ጽዋውን ትቀበላለች። በወሩ ደግሞ ማኅበሩ እዚያ ቤት ነው። ጡረታ ስወጣ የማኅበሩን ሥርዓት የሚያስከብረው ሰው፣ እኛ ሙሴ የምንለው፣ እኔ እንድሆን መረጡኝ። እሺ አልኩ፤ ሹመት ሳይኖረኝ ስለኖርኩ ደስም ብሎኛል።

ጽዋው ከወይዘሮ ፀሐይ ቤት ወደ ሃምሳ አለቃ የሚያልፍበት ወር ደረሰ። ከእሳቸው ቀጥሎ ተራው የእኔ ነበር። እኔ አዋቂው አሰብኩ። ሚስታቸው አልጋ ላይ ናቸው፣ እጃቸው ጽዋ አይጨብጥም፣ ማን ጠላ ይጠምቅላቸዋል፣ ማን ዳቦ ይደፋላቸዋል? ማኅበርተኞቹን አንድ በአንድ እየዞርኩ «ሃምሳ አለቃ በዚህ ዙር ይረፉ፤ ጽዋው በቀጥታ ወደ እኔ ይለፍ» አልኳቸው። ሁሉም አመሰገኑኝ። ወይዘሮ ፀሐይ ብቻ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«እሳቸውን አነጋግረሃቸዋል?»

«ካነጋገርኳቸው እሺ አይሉኝም።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አሉኝ ሴትዮዋ። አውቃለሁ ብዬ ነበር።

በዕለቱ ሃምሳ አለቃ ቀድመውን ደረሱ። ጢማቸውን ተላጭተው፣ የታጠበ ነጠላ አጣፍተው፣ ጽዋው የሚሸፈንበት ነጭ ጨርቅ በወረቀት ጠቅልለው ይዘዋል፤ ዳሩን ማርታ ጠልፋዋለች። አባ ባርከው ጽዋውን አንሥተው ሲመጡ ሃምሳ አለቃ ዱላቸውን ግድግዳ አስደግፈው ቆሙ፤ ሁለት እጃቸውንም ዘረጉ። እጆቻቸው ይንቀጠቀጣሉ። አባ በአጠገባቸው አልፈው ለእኔ ሰጡኝ። አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበራ። እኔም ተቀበልኩ።

ሃምሳ አለቃ እጃቸውን እንደዘረጉ ትንሽ ቆዩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ ብለን ነው» አልኳቸው። «እትዬ አስካለም ደክመዋል፤ እጅዎም...»

«እጄ?» አሉና እጆቻቸውን ገልብጠው አዩዋቸው። «አዎ፤ ይንቀጠቀጣል።» ጨርቁን ከወረቀቱ አውጥተው የያዝኩት ጽዋ ላይ ጣል አደረጉልኝ። «ሚካኤል ያክብርልህ» አሉኝ።

ማኅበርተኛው እየዘመረ ሲያጅበኝ እሳቸውም ከኋላ እግራቸውን እየጎተቱ እስከ ደጄ ሸኙኝ። ሥርዓቱ ነውና አልቀሩም። ባለቤቴ በር ላይ ሆና ተቀበለችን፤ እልልታው ቀለጠ። ዘወር ስል ሃምሳ አለቃ ባጃጅ እንኳ ሳይይዙ ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ሲያዘግሙ አየኋቸው። በዚያ ቢሮ ውስጥ ቆመው «ተራውን ግን አትውሰዱበት» ያሉት ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። እኔ እጄ ሲንቀጠቀጥ ጣቶቼን አጥፈው ቁልፍ አስጨበጡኝ። የእሳቸው እጅ ሲንቀጠቀጥ እኔ ምን አደረግኩ?

ወሩን ሙሉ ቤታቸው ልሄድ እነሣና እመለሳለሁ። በወሩ ማኅበሩ እኔ ቤት ሲሆን ይቀራሉ ብዬ ነበር፤ እንዲያውም ከሁሉም ቀድመው መጡ፤ ዳቦውን አመሰገኑ፣ ልጆቼን መረቁ። ጽዋው ከመነሣቱ በፊት ግቢዬ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ወሰድኳቸው።

«ጋሼ፣ በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ ጽዋውን የምሰጠው ለእርስዎ ነው።»

«ተረኛው ማን ነው?»

«መምህር ታደለ ናቸው። እነግራቸዋለሁ፣ ቅር አይላቸውም።»

«ሚስቱ ጌሾ ስትወቅጥ አይቻታለሁ» አሉኝ። «ዛሬ ጽዋ ይገባልኛል ብላ ቤቷን አሰናድታለች። እሷ ምን አጠፋችና ነው እኔ የማልፋት?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ዙሩ ይመጣል፣ እጠብቃለሁ። ይቅርማ ያኔውኑ ብዬሃለሁ።» ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ወደ ሰዉ ተመለሱ።

ዙሩ ረጅም ነው፤ ከዓመት በላይ ይፈጃል። በየወሩ ይመጣሉ፤ በየወሩ ጽዋው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ እኔ ስንት ቤት እንደቀረ አሰላለሁ። ሚካኤልን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተራቸው እስኪደርስ እንዲያቆያቸው። ጥቂት ቤት ሲቀር፣ አንድ የክረምት ጠዋት፣ እትዬ አስካለን ቁርሳቸውን አጉርሰው ሳህኑን ሊያስቀምጡ ሲነሡ ወደቁ። አልተነሡም።

የሕይወት ታሪካቸውን ጽፌ ቤተ ክርስቲያን እንዳነብ ማርታ ለመነችኝ። ማን እምቢ ይላል? ጽፌ አነበብኩ። አሪየትና ባሏ ከሰው መሐል ቆመዋል፤ ኦጁሉም ሸብቶ መጥቷል። ወታደር ነበሩ፣ አባት ነበሩ፣ ለጾምና ለጸሎት የተጉ ነበሩ እያልኩ መጣሁና «በሰው ተራ ገብተው አያውቁም» ከምትለው ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ወረቀቱን ሌላ ሰው ተቀብሎ ጨረሰልኝ። ሰዉ ሐዘን መሰለው፤ ጀርባዬን እያሻሹ «አይዞህ፣ አባትህ ነበሩ» አሉኝ። የማይገባኝን ማጽናኛ ተቀበልኩ።

ተራቸው የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጽዋውን በአባቷ ፈንታ ማርታ ተቀበለች፤ አጀብናት። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበርና ደጃቸው ፊት ያለው መንገድ ጎርፍ ይዞታል። ጫማዬን አውልቄ ቀድሜ ገባሁ፤ ጉድጓዱን በእግሬ እየዳበስኩ ማርታን በደህናው በኩል አሳለፍኳት።

ቀና ስል እትዬ አስካለ በር ላይ ናቸው። አልጋቸው ከነፍራሹ እስከ ደጃፉ ተጎትቷል፤ ነጭ ቀሚስ ለብሰው በትራስ ተደግፈዋል፤ ሥራቸው ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ደህናውን እጃቸውን ዘረጉ፤ ማርታ ጽዋውን ዝቅ አደረገችላቸውና ሳሙት።

«እትዬ አስካለ፣ ምነው እንዲህ ተቸገሩ?» አልኳቸው። «ውስጥ ሆነው ቢቀበሉስ?»

«ደምሴ ያደረገውን ነው ያደረግነው» አሉኝ፣ በተያዘው አንደበታቸው ቀስ እያሉ። «ያኔ ተራችን የነበረ ዕለት አልጋዬን ብቻውን እዚህ አደረሰው። ትንሽ ይጎትታል፣ ያርፋል፤ ትንሽ ይጎትታል፣ ያርፋል። ጸጉሬንም እሱ ነው የሠራኝ። "ጽዋውን ይዤ እስክመጣ በሩ ላይ ጠብቂኝ" ብሎኝ ሄደ።»

ያኔ በማግስቱ በባጃጅ ሳልፍ ደጃቸው ላይ የጠወለገ ቄጠማ አይቼ ነበር። ለምን እንደተጎዘጎዘ ራሴን አልጠየቅኩም።

«ሲመጣ እጁ ባዶ ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «"ጽዋውስ?" ስለው "ጌታሁን ለእኛ አስቦ ነው፤ ክፉ እንዳታስቢ" አለኝ። አልጋዬን ሊመልስልኝ ሞከረ፤ እጁ እምቢ አለው። ማርታ እስክትመጣ እዚሁ አጠገቤ ቁጭ አለ።»

ከኋላዬ ሰዉ እየዘመረ ሊገባ ይጠብቃል። እኔ ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ።

«ግባ እንጂ ልጄ» አሉኝ እትዬ አስካለ። «ዛሬማ ገብቶልናል።»

ሁሉም በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ከሄደ በኋላ አልጋውን ወደ ውስጥ የመለስኩት እኔ ነኝ። ማርታ ልታግዘኝ መጥታ ነበር፤ ተይኝ አልኳት። ትንሽ ጎተትኩ፣ አረፍኩ፤ ትንሽ ጎተትኩ፣ አረፍኩ። ለጤነኛ እጅ እንኳ ከባድ አልጋ ነው።